ወንድሜ «ጠረጴዛው ሞቋል» ይላል፤ የዳይስ አካሄድ በእርግጥ ይነበባል?

የጦሳ ልጅ (ደሴ)

ሰላም ወገን። ታናሽ ወንድሜ ላስ ቬጋስ ታክሲ ይነዳል። ከሥራ ሲወጣ ክራፕስ ይጫወታል፤ ያ በሁለት ዳይስ የሚቆመረውን። እዚያ እኩለ ሌሊት ሲሆን እዚህ ረፋድ ነው። ሱቄን ከፍቼ ቡና ስጠጣ ይደውልልኛል።

ደብተር አለው። የወጣውን ቁጥር ሁሉ ይጽፋል። ባለፈው ሳምንት የአንድ ገጽ ፎቶ ላከልኝ፦ 6፣ 8፣ 5፣ 9፣ 4፣ 8፣ 10፣ 6፣ 6፣ 3፣ 8፣ 5፣ 9፣ 11። 14 ውርወራ፣ አንድም 7 የለም፤ ብዙ ጊዜ 7 ሲወጣ ነው ወርዋሪው ተሸንፎ ዳይሱን የሚያስረክበው። ከሥሩ በቀይ እስክሪብቶ «ሞቋል» ብሎ ሁለቴ አስምሮበታል። እንዲህ ሲሆን መደቡን በእጥፍ ያሳድጋል። ሁለት ሦስት ወርዋሪ ቶሎ ቶሎ 7 ሲወጣበት ደግሞ «ቀዝቅዟል» ይልና ወርዋሪው ይሸነፋል በሚለው በኩል ይመድባል።

ለእናታችን የሚልከው ብር ከቀረ ሁለት ወሩ። ልቆጣው አልፈልግም። ግን የምመልስለት ነገር አጣሁ። ይሄ ነገር እውነት ይነበባል?

መምህር ከሐይቅ

አብሽር ወንድሜ። ሒሳብ ነው የማስተምረው። ሁለት ዳይስ 36 ዓይነት አወጣጥ አለው። 7 በ6 መንገድ ይመጣል። 6 እና 8 በ5 በ5፣ 2 እና 12 ግን በአንድ በአንድ ብቻ። ስለዚህ በእያንዳንዱ ውርወራ የ7 ዕድል ከ6 አንድ ነው። በተከታታይ 14 ጊዜ 7 የመጥፋቱ ዕድል ከ100 ወደ 8 ይጠጋል። በየማታው ለሚጫወት ሰው ብርቅ አይደለም። 15ኛው ላይስ? አሁንም ከ6 አንድ።

ትናንት ማታ ጥያቄህን አንብቤ ከልጆቼ ሉዶ ሁለት ዳይስ አወጣሁ። ትሪ ላይ 200 ጊዜ ወረወርኩ፣ ትንሿ ልጄ ጻፈች። መሐል ላይ 19 ጊዜ ድረስ 7 ጠፋ። «አባ፣ ተበላሸ እንዴ?» አለችኝ። እውነት ለመናገር እኔም እጄ ላይ የሆነ ነገር ያለ መሰለኝ። ስሜቱ ሰውን እንዲህ ነው የሚይዘው። ቀጥሎ ወረወርኩ፣ 7 ወጣ።

ተመላሽ (ኮምቦልቻ)

እዚያው ከተማ ለዓመታት የዳይስ ጠረጴዛ ላይ ዲለር (ጨዋታውን የሚመራ የካሲኖ ሠራተኛ) ነበርኩ። ደብተር የያዘ ሰው ብዙ አይቻለሁ። ሰው የሚሰበሰበው ጩኸት ወዳለበት ነው። ሞቀ የተባለው ጠረጴዛ ጋ የምትደርሰው ከሞቀ በኋላ ነው። ያሸነፉት ሲያሸንፉ አንተ አልነበርክም።

በ2009 እ.ኤ.አ. አትላንቲክ ሲቲ ውስጥ አንዲት ሴት 154 ጊዜ ወርውራለች። ዳይሱ ከእጇ ሳይወጣ ከ4 ሰዓት በላይ ቆየች። 20ኛው ውርወራ ላይ ቆሞ 154 ይደርሳል ብሎ ማወቅ የሚችል አልነበረም። 21ኛው ላይ ሊያልቅም ይችል ነበር።

ወንድምህ ማየት ያለበት የሚመድብበትን ቦታ ነው። ፓስ ላይን ከሚባለው፣ ወርዋሪው ያሸንፋል ከሚለው መደብ፣ ቤቱ (ካሲኖው) የሚበላው በአማካይ 1.41 በመቶ ነው። «ቀጥሎ 7 ይወጣል» በሚለው ላይ ግን 16.67 በመቶ። ጠረጴዛው ቢሞቅም ቢቀዘቅዝም ይሄ ንቅንቅ አይልም። መደቡን በእጥፍ ሲያሳድግ የሚበላበትም በእጥፍ ያድጋል።

አትጨቅጭቀው። እንዲህ በለው፦ «ሞቋል» የሚለውን ቀድመህ ጻፍ፣ ብር ሳትመድብ። ከዚያ 7 በስንተኛው እንደመጣ ቁጠር።

የጦሳ ልጅ (ደሴ)

አላህ ይስጥልኝ ሁለታችሁንም። ነገርኩት። መጀመሪያ ተቆጣ፣ ስልኩን ዘጋው። ዛሬ ረፋድ ላይ ፎቶ ላከ። አምስት ጊዜ «ሞቋል» ብሎ ጽፏል። 7 የመጣው በ2ኛው፣ በ9ኛው፣ በ1ኛው፣ በ4ኛው እና እንደገና በ1ኛው ነው። ከሥሩ ምንም አላሰመረም። «እማማ ደህና ናት?» ብቻ ነው የጻፈው። ስልኩን ለራሷ ሰጠኋት።