«ኪያሪ ዓይነት 1፣ 7 ሚ.ሜ.» ማለት ምንድን ነው?

ጥያቄ፦ የኤምአርአይ ውጤቱ እንዲህ ይላል። ዕጢ ነው? ለቤተሰብስ እንዴት ይብራራል?

መልስ 1፦ ዕጢ አይደለም። የትንሹ አንጎል የታችኛው ጫፍ በራስ ቅል ሥር ባለው ቀዳዳ 7 ሚ.ሜ. ወደ አንገት ወርዷል ማለት ነው፤ ብዙውን ጊዜ ኪያሪ የሚባለው ከ5 ሚ.ሜ. ጀምሮ ነው። ለቤተሰብ «የጋን ውታፍ» ብትሉ ይገባቸዋል፤ ጫፉ ቀዳዳውን ስለሚወትፍ የአንጎል ፈሳሽ እንደልቡ ላይመላለስ ይችላል።

መልስ 2፦ ቁጥሩ ብቻውን አያስደነግጥም፤ ብዙ ወርዶም ምንም የማይሰማው ሰው አለ። ሲያስሉ፣ ሲያስነጥሱ ወይም ሲያምጡ ከማጅራት የሚነሳ ራስ ምታት ነው ዋናው ምልክት። ግንባር ላይ ብቻ የሚወቅር ከሆነ ማይግሬን ሊሆን ይችላል፤ ኪያሪው እንዲያው በአጋጣሚ ታይቶ ይሆናል።

መልስ 3፦ የመላ አከርካሪ ኤምአርአይ ያስፈልግ እንደሆነ ጠይቁ። ሕብለ ሰረሰር ውስጥ ፈሳሽ ከተጠራቀመ (ሲሪንክስ) እጅ ይደነዝዛል፣ ሙቅና ቀዝቃዛ መለየት ያቅታል። ያኔ ከራስ ቅል ኋላ ጥቂት አጥንት አንስቶ ቦታ የሚያሰፋ ቀዶ ሕክምና ይታሰባል። ደግሞ ማንም ከወገብ ፈሳሽ ሊቀዳ ሲል አስቀድማችሁ ንገሩት፤ ጫፉ ይበልጥ ሊወርድ ይችላል።