ጥቁር አፈር ላይ ያለው ቤታችን ክረምት ከበጋ እየተሰነጠቀ ነው፤ ምን ይሻላል?

የለቡዋ (ጠያቂ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። ለቡ ጥቁር አፈር ላይ የተሠራ የብሎኬት ቤት አለን፤ ፎቅ የለውም። ከጓዳው መስኮት ማዕዘን ተነስቶ በሰያፍ ወደ ላይ የወጣ ስንጥቅ አለ። በጋ ላይ ጣት ያስገባል፣ ክረምት ሲጠና ሊገጥም ምንም አይቀረው። በልስን አስደፈንነው፤ ተመልሶ ተከፈተ። ዝናቡ ደግሞ እንደ ድሮው አይደለም፤ ይጠፋ ይጠፋና ዶፍ ሆኖ ይመጣል። ባለሙያ ተብዬው «ሲሚንቶ አንሶታል» አለን። እውነት ነው?

ግንበኛው፦ እህቴ፣ ሲሚንቶ ምን አደረገ! ጥቁር አፈር ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። መሠረቱን አንዱን ጎን አንስቶ ሌላውን ሲተወው ግድግዳው በደካማው በኩል ይሰነጠቃል። ደካማው ደግሞ የመስኮትና የበር ማዕዘን ነው። ከጓዳው በኩል አሸንዳ አለ?

የለቡዋ፦ የለም። ከፊት ለፊት ብቻ ነው።

ግንበኛው፦ በይ ተገኘ። የጣሪያው ውሃ በሙሉ እዚያው መሠረቱ ሥር እየፈሰሰ ነው።

መሐንዲስ ነኝ፦ ዝናቡን በተመለከተ ልክ ነሽ። አየሩ በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ በሞቀ ቁጥር 7 በመቶ ያህል ተጨማሪ የውሃ ተን መያዝ ይችላል። ሲለቀው ታዲያ ባንዴ ነው። ያው ሙቀት በበጋ አፈሩን ይበልጥ ያደርቀዋል። ጥቁር አፈር ላይ ቤት የሚጎዳው ደግሞ እርጥበቱ መለዋወጡ ነው፤ ሁሌ እርጥብ ወይም ሁሌ ደረቅ ቢሆን ቤቱ ባልተንቀሳቀሰ።

ስለዚህ ከኋላም አሸንዳ አስገጥሚ፣ ውሃውን በቱቦ እስከ ቦዩ ውሰጂው። በቤቱ ዙሪያ ከ1 ሜትር ያላነሰ፣ ወደ ውጭ ያዘነበለ ኮንክሪት አስፈሺ። ከግድግዳው ጋር አታያይዙት፤ መሐሉን ሬንጅ ሙሉት። ካልሆነ ከሥሩ ያለው አፈር ሲያብጥ ኮንክሪቱን አንስቶ ግድግዳውን ይገፋዋል። ልስኑን አንድ ክረምትና አንድ በጋ ካለፈ በኋላ አድርጊው፤ አሁን ገንዘብ ማባከን ነው።

ሰሚት፦ ባህር ዛፍ አጠገቡ ካለ በበጋ አፈሩን የሚመጠው እሱ ነው። ግን ትልቅ ዛፍ ባንዴ አትቁረጡ፤ እኛ ሰፈር ከተቆረጠ በኋላ አፈሩ አብጦ የአንዱን ሊሾ አነሳው።

የለቡዋ፦ ዛፍ የለንም። ለሕይወት ያሰጋል ወይ ነው የኔ ጭንቀት፤ ልጆች አሉ።

መሐንዲስ ነኝ፦ ስንጥቁ ብሎኬቱ ላይ ብቻ ከሆነ አትደንግጪ። ጫፉን በእርሳስ አስምሪና ቀን ጻፊበት። ኮለን (ምሰሶ) ወይም ቢም (በምሶሶዎች ላይ የተጋደመ ተሸካሚ) ላይ ከታየ፣ የዛገ ፌሮ ብቅ ካለ፣ ወይም በሳምንታት ውስጥ ሲሰፋ ካየሽ ግን እዚያ ክፍል አትተኙ፤ የስትራክቸር መሐንዲስ ጥሪ። ሴፍቲ ታንከሩስ በየት በኩል ነው?

የለቡዋ፦ እዚያው ጓዳው ጀርባ። እሱ እንኳን ጎበዝ ነው፤ ከገባን ጀምሮ ሞልቶ አስመጥጠን አናውቅም!

ግንበኛው፦ ታዲያ ውሃው የት ገባ? በይ መጀመሪያ እሱን አስፈትሺ፤ አሸንዳው ይደርሳል።