ክርክር፦ የካራክተራችሁን እንስሳ ማን ይጫወተው?

አወያይ፦ ጎበዝ፣ እንደምን ዋላችሁ። አዲሱ የቴሌግራም ሮል ፕሌያችን (እያንዳንዱ የፈጠረውን ካራክተር ሆኖ ታሪኩን በየተራ በጽሑፍ የሚቀጥልበት ጨዋታ) በቀዳማዊ ኢያሱ ዘመን ጎንደር ላይ ይጀምርና እስከ ስሜን ይወጣል። ከገቡት ካራክተሮች አብዛኞቹ እንስሳ አስከትለዋል፦ በቅሎ፣ ውሻ፣ ቁራ፣ ጭላዳ፣ ቀይ ቀበሮ፣ አንዱ ደግሞ አንበሳ። የቀረበው ደንብ እንዲህ ይላል፦ «ባለቤቱ ለእንስሳው ትእዛዝ ብቻ ይጽፋል፤ እንስሳው የሚያደርገውን የሚጽፈው የጨዋታው መሪ ነው።» ድምፅ ከመስጠታችን በፊት ተከራከሩበት። የየራሳችሁን ገድል አትተርኩ፣ ደንቡ ላይ ተነጋገሩ።

ቀሃ፦ እደግፋለሁ፤ ምክንያቴ የተራ ጉዳይ ነው። አንድ ፖስት አንድ እርምጃ ብለናል። ባለ ውሻው ግን በአንዲት ፖስት ጦር ይወረውራል፣ ውሻው ከኋላ ዞሮ ቁርጭምጭሚት ይይዛል፣ ቁራው ግንብ ጫፍ ላይ ሆኖ የተደበቀውን ሰው ያሳየዋል። ሦስት እርምጃ ሆነ ማለት ነው። እንስሳ የሌለው ሰው አንዴ ሰይፉን መዝዞ ተራው እስኪደርስ ይመሽበታል።

ችግሩ ደግሞ አዲስ አይደለም። ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የሚባለው በዳይስ የሚጫወቱት የሮል ፕሌይ ጨዋታ በ2014 እ.ኤ.አ. ሕጉ አዳኙ አውሬውን «አጥቃ» ሲል የራሱን እርምጃ ያስከፍለው ነበር፤ ሰዉ «ታዲያ አውሬው ምን ሊጠቅመኝ» ብሎ አማረረ። በ2020 እ.ኤ.አ. በመጣው ማሻሻያ ትእዛዙ ወደ ቦነስ አክሽን፣ ማለትም ከዋናው እርምጃ ጎን ወደሚደረግ ትንሽ እርምጃ፣ ወረደ፤ ካላዘዝከው አውሬው ራሱን እየተከላከለ ይቆያል። ፓዝፋይንደር የሚባለው ተመሳሳይ ጨዋታ በሁለተኛ እትሙ ለተጫዋቹ በየተራው ሦስት እርምጃ ይሰጠዋል፤ አንዱን ለትእዛዝ ካወጣ እንስሳው ሁለት ያገኛል። የትም ብትሄድ ዋጋ አለው። በነፃ የሚታደለው እኛ ጋ ብቻ ነው።

አዘዞ፦ ወንድሜ ቀሃ፣ የጠቀስከው ሁሉ «ዋጋ ይከፈል» ነው የሚለው እንጂ «እንስሳህን ለመሪው አስረክብ» አይልም። ሁለቱን አታምታታ። ዋጋ ከተፈለገ ቀላል ነው፦ በአንድ ፖስት ወይ አንተ ትመታለህ ወይ ውሻህ ይነክሳል። አለቀ።

ለመሪው እንስጠው ካልን ግን አሠራሩን አስቡት። ስሎው ሞዱ፣ በአንድ ሰው ሁለት መልእክት መካከል የሚያስጠብቀው የቴሌግራም ገደብ፣ 15 ደቂቃ ላይ ነው። መሪው አድሚን ስለሆነ አይነካውም፣ እኛን ግን ይይዘናል። «ውሻዬን ላክሁት» ብዬ እጽፋለሁ፤ መሪው ሲመቸው ይመልሳል፤ ለመልሱ ምላሽ ለመስጠት ደግሞ 15 ደቂቃዬ ማለቅ አለበት። ኔትወርክ ሲቋረጥ ጨምሩበት። አንድ ውሻ በሩን አልፎ ለመግባት ምሽቱ ያልቃል። መሪው በበኩሉ የቤተ መንግሥቱን ሰው፣ የገበያውን ሰው፣ ሽፍታውን ሁሉ ተሸክሞ ስድስት እንስሳ ሲጨመርበት፣ እንስሶቹ «ተከተለው» ከሚል አንድ መስመር አያልፉም።

ሌላም አለ። እዚህ አገር ጀግና በፈረሱ ስም ነው የሚጠራው። ዘመኑ ከጨዋታችን ኋላ ቢሆንም ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው ተባሉ። እዚሁ ፋሲል መዋኛ አጠገብ ያለችውን ጉልላታም ቤት «የፈረሱ የዞብል መቃብር» ሲሉ ትሰማላችሁ። ሰውየውና ፈረሱ አንድ ስም ተጋርተው ሳለ ግማሹን ቆርጦ ለሌላ ሰው መስጠት ምን ይሉታል?

የዳባቱ፦ ከማን ይጻፍ በፊት ምን ይጻፍ የሚለውን ብታዩት ይሻላል፣ ልጆቼ። የገቡት የካራክተር ወረቀቶች ላይ እንስሶቹ እንስሳ አይመስሉም።

ቀይ ቀበሮውን ያስገባው ሰው «በመንጋ ከቦ ጠላትን ይጥላል» ብሎ ጽፏል። ይኼ ከፈረንጅ ጨዋታ ተኩላ የተቀዳ ነው። ቀይ ቀበሮ በቡድን ይኑር እንጂ አደኑን በአብዛኛው ለብቻው ነው የሚወጣ፤ የሚበላውም አይጥና ፍልፈል መሳይ ነው። ክብደቱ ከ11 እስከ 19 ኪሎ ቢሆን ነው። ጎራዴ የያዘ ሰው አይጥልም። ለጨዋታው የሚጠቅመው ሌላ ነገር ነው፦ ከጉድጓድ አፍ ላይ ሳይነቃነቅ ጆሮውን ቀስሮ ይጠብቃል፣ መሬት ለመሬት ተጎትቶ ይጠጋል። ድብቅ ነገር ለመስማት ግሩም ነው። ባለ ውሻውና ባለ ቀበሮው አብረው ከተጓዙ ደግሞ መሪው አንድ አደጋ በእጁ አለ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ቀይ ቀበሮን የሚፈጀው ከውሻ እየተጋባ ነው።

ጭላዳም እንዲሁ። ሥጋ ስጡት የሚል ፖስት ካየሁ እስቃለሁ፤ ምግቡ ሣር ነው፣ ቁጭ ብሎ በጣቱ እየነጨ። ሌሊት የሚያድረው ገደል ላይ ነው። ሲደነግጥ ወደ ዛፍ ሳይሆን ወደ ገደሉ ነው የሚሮጥ። ከመንጋው የተነጠለ ጭላዳ አራዳ ገበያ መሐል በትከሻ ይዞ መዞር ለአንድ ቀን ያስቃል፣ ከዚያ በኋላ ግን ሲጮህ፣ አልበላም ሲል፣ ገመድ ሲበጥስ መጻፍ አለበት። ቁራው ግን ይሁን፤ ማጅራቱ ላይ ነጭ ያለበት ትልቁ ቁራ ከሰው ሰፈር አይርቅም፣ ከጭላዳው ይልቅ እሱ ያስኬዳል።

ጨጨላ፦ ጋሼ፣ እርስዎ ያሉትን ትልልቆቹ ጌሞችም ሞክረውታል። ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት የሚባለው የኦንላይን ጌም በመጀመሪያው መልኩ የአዳኙ ፔት፣ ማለትም አብሮት የሚዋጋው እንስሳ፣ ሦስት ስሜት ነበረው። ከተከፋ የሚያደርሰው ጉዳት ወደ 75 በመቶ ይወርዳል፣ መካከለኛ ከሆነ 100፣ ከተደሰተ 125። የሚወደውን ካላበላኸው ታማኝነቱ ይወርድና ጥሎህ ይሄዳል። በኋላ ተጫዋቹ ሥራ በዛብኝ ስላለ አነሱት። ፔቱ ከዚያ ወዲህ ባለ ጥርስ ሰይፍ ሆነ።

ከዚሁ ጌም ከመጀመሪያው መልኩ አንድ ስህተት ውሰዱ። አዳኙ ከገደል ወደ ታች ሲዘል ፔቱ አብሮ አይዘልም፤ መንገድ ፍለጋ በረጅሙ ዞሮ ይመጣና በመንገዱ ያገኘውን ጠላት ሁሉ አስከትሎ ፓርቲው ላይ ይደፋዋል። ስለዚህ ከመዝለል በፊት ፔቱን ዲስሚስ ማድረግ፣ ማለትም ማሰናበት፣ ግድ ነው። ታንክ (ጠላትን ወደ ራሱ ስቦ ምቱን የሚቀበል ተጫዋች) ባለበት ደግሞ ግራውልን፣ ጠላትን ወደ ፔቱ የሚስበውን ችሎታ፣ ከአውቶ ማጥፋት፤ አለበለዚያ አውሬው ጠላቱን ከታንኩ ላይ ነጥቆ ወደ ራሱ ይስበዋል። በጽሑፍም ያው ነው። ካራክተራችሁ የግንብ መስኮት ዘሎ ሲወጣ በቅሎዋ የት ቀረች? ማንም አይጽፈውም። ሁለት ፖስት ቆይቶ ተቀምጦባት ይታያል።

ባለ አንበሳው፦ እኔንም አንዴ ስሙኝ እንጂ። ነገሥታቱ በግቢው ውስጥ አንበሳ ቤት ነበራቸው፤ ፍርስራሹ አሁንም ፋሲል ግቢ አለ። ከታሪክ ውጭ አላስገባሁም።

የዳባቱ፦ አንበሳ ቤት መኖሩ አንበሳው ታስሮ እንደነበር ነው የሚነግርህ፣ ልጄ። በቀን ከ5 እስከ 7 ኪሎ ሥጋ የሚበላ ነገር ይዘህ ሊማሊሞን ልትወጣ ነው? በቅሎዎቹስ? ሽታውን ሲያገኙ ገደል ነው የሚገቡት።

ማራኪ፦ አንበሳውን የቤተ መንግሥቱ ንብረት አድርጉትና መሪው ይያዘው፤ እሱ ላይ ክርክር የሚያስፈልግ አይመስለኝም። ዋናው ነገር ግን አልተነሳም። ባለቤቱም ይጻፈው መሪው፣ እንስሳው እምቢ ማለት ካልቻለ ጓደኛ አይደለም፣ ዕቃ ነው። ቀሃ የሚፈራው ነፃ እርምጃም፣ አዘዞ የሚፈራው መቀማትም መፍትሔው እዚያ ያለ ይመስለኛል።

እንዲህ እናድርግ። ባለቤቱ ትእዛዙን ይጽፋል፣ ያም የፖስቱ ብቸኛ እርምጃ ይሆናል። ከዚያ የቴሌግራሟ ዳይስ ትጣላለች፤ ከ1 እስከ 6 የሚመጣውን ሰርቨሩ ነው የሚወስነው። ከ4 በላይ፣ 4ትን ጨምሮ፣ ታዘዘ። 2 እና 3 አመነታ፤ የሚፈጽመው በሚቀጥለው ተራ ነው። 1 እና ከዚያ በታች እምቢ አለ። በደንብ የሰለጠነበት ትእዛዝ ከሆነ 1 ይጨመራል። ነፍጥ ከተተኮሰ፣ እሳት ካለ ወይም የጅብ ሽታ ካለ 1 ይቀነሳል፤ ከራበው ሌላ 1። የተራበ ውሻ ነፍጥ በሚተኮስበት ከላካችሁት 6 ካልመጣ ወዲያው አይሄድላችሁም፤ ግማሹን ጊዜ እምቢ ይላል። ከታዘዘ ወይም ካመነታ አፈጻጸሙን ባለቤቱ ይጽፋል። እምቢ ብሎ ምን እንዳደረገ ግን መሪው ይጻፍ፤ የመሪው ሸክም ወደዚያች ይቀንሳል።

አጻጻፉ ላይ አንድ ነገር። ይኼን እዩ፦

«በቅሎዋ ወንዙ ውስጥ ሽፍቶች የቀበሩትን ወጥመድ አውቃ ጌታዋን ለማስጠንቀቅ ቆመች።»

ይኼ ሜታጌሚንግ ነው፤ ጸሐፊው ስለ ወጥመዱ የገመተውን በበቅሎዋ ጭንቅላት አሻግሮ አስገባው። ይኼንንም እዩ፦

«በቅሎዋ ወንዙ ዳር ስትደርስ ጆሮዋን ወደፊት ቀስራ ቆመች። ልጓሙን ሳበው። አንገቷን አሰገገች እንጂ እግሯን አላነሳችም።»

በሁለተኛው ወጥመድም ሊኖር ይችላል፣ አዞም፣ ለእግሯ የማይመች ድንጋይም። የቱ እንደሆነ መሪው ይወስናል። በቅሎ ደግሞ እውነትም እንዲህ ናት፤ ያላመነችበት ቦታ ላይ እግሯን አታሳርፍም፣ ጅራፍ ቢወርድባትም። ጆሮ፣ አፍንጫ፣ ጅራት፣ የእግር አቀማመጥ ጻፉ። ሐሳቧን አትጻፉ።

ቀሃ፦ እታለም፣ ሐሳብሽ ጥሩ ነው፣ ሒሳቡ ግን ቀዳዳ አለው። ለሰለጠነ እንስሳ 1 ከጨመርሽ 1 ቢመጣ እንኳ 2 ይሆናል፤ ማመንታት እንጂ እምቢታ የለም። ሁሉም ሰው ወረቀቱ ላይ «በሁሉም ነገር የሰለጠነ» ብሎ ይጽፍና እንደ ቀድሞው ዕቃ ይሆናል።

ማራኪ፦ ልክ ነህ። እንግዲያው ዳይሷ ላይ 1 ከታየ ምንም ቢጨመር እምቢ ነው። ሥልጠናውም ለአንድ እንስሳ ከሦስት ትእዛዝ አይበልጥ፤ ካራክተሩ ሲገባ ተጽፎ ፒን ይደረግ። «ያዝ»፣ «ቆይ»፣ «ና» ለውሻ ይበቃል። «ሄደህ የደጃዝማቹን ደብዳቤ ሰርቀህ ና» ትእዛዝ አይደለም።

ጨጨላ፦ ዳይሷን ባለቤቱ አይጣላት። ያልወደደውን አጥፍቶ ደግሞ ይልካል። ከፍ ያለ ቁጥር የመጣበትን አሮጌ ዳይስ ፎርዋርድ ማድረግም አለ፤ ቁጥሩ አይቀየርም፣ የላኪውን ስም ደግሞ መደበቅ ይቻላል። ቀጥሎ ተራው የደረሰው ሰው ይጣልለት።

አዘዞ፦ በዚህ እስማማለሁ። የቁራው ነገር ግን ይቀራል። እንስሳውን ለስለላ የላከ ሰው ወሬውን እንዴት ነው የሚያገኘው? ቁራ አያወራም።

ማራኪ፦ ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ላይ በአስማት የተጠራ እንስሳ አለ፤ በ2014 እ.ኤ.አ. ሕግ ጌታው እስከ 30 ሜትር ገደማ ድረስ በእንስሳው ዓይን ያይ ነበር፣ በዚያን ጊዜ ግን የራሱ ዓይንና ጆሮ አይሠራም ነበር። ጥቅሙ ዋጋ አለው ማለት ነው። እኛ ጋ አስማት ስለሌለ ቁራው የሚሰጠው ሁለት ነገር ብቻ ይሁን፦ ጮኸ ወይም አልጮኸም፣ በየት በኩል እንደሆነ ጨምሮ። ስንት ሰው፣ ምን የያዘ፣ የማን አሽከር የሚለውን ከቁራ አትጠብቁ።

አዘዞ፦ ሲሞትስ? በ2020ው ማሻሻያ እኮ በአንድ ሰዓት ውስጥ አስማት ከፍሎ ማስነሳት ይቻላል።

የዳባቱ፦ እኛ ጋ የሞተ ሞተ። ባለቤቱ በማግሥቱ ሌላ ውሻ በዚያው ስም ይዞ ከመጣ ግን ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚሠዋው ውሻውን ይሆናል። አዲሱ ያለ ሥልጠና ይግባ፤ አንድ ትእዛዝ ለማስለመድ አንድ ሙሉ የጨዋታ ክፍል ይፍጅ። ያን ጊዜ ባለ ውሻው ውሻውን ወደ ነፍጥ አፍ ከመላኩ በፊት ያስባል።

አወያይ፦ ቅዳሜ ማታ ፖል እከፍታለሁ። ምርጫው ሁለት ነው፦ የመጀመሪያው ደንብ እንደቀረበው፣ ወይም የማራኪ ደንብ ከነማሻሻያው፤ አንዱ ትእዛዝ አንድ እርምጃ፣ 1 ሁሌ እምቢ፣ ሦስት ትእዛዝ፣ ዳይሷን ቀጣዩ ተጫዋች ይጥላል። አንበሳው በሁለቱም በኩል የመሪው ነው።

ቀሃ፦ እኔ አሁንም የመጀመሪያውን ነው የምመርጠው። ዳይስ ሲጨመር ውጊያው በየፖስቱ አንድ መልእክት ይረዝማል፤ አዘዞ በስሎው ሞድ ያማረረው እዚህም ይመጣል። ፖሉን ግን ስም የሚታይበት አድርገው፤ እንስሳ ያለውና የሌለው እንዴት እንደመረጠ እንየው።