የፊልም ቁራጭ ለፖለቲካ ስላቅ፦ ማስፈቀድ ግድ ነው?

የመወያያ ጥያቄ፦ ከታወቀ ፊልም ትዕይንት ቆርጦ፣ ድምፁን ወይም የግርጌ ጽሑፉን ቀይሮ ባለሥልጣንን ለመተቸት የፊልሙን ባለቤት ማስፈቀድ ያስፈልጋል?

ሳቂታ፦ በፍጹም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እንግሊዛዊው ቻርልስ ሪድሊ የናዚን የሰልፍ ፊልም ወደፊትና ወደኋላ እያመላለሰ ወታደሮቹን በዳንስ ዘፈን አስጨፈራቸው። የፊልሙን አዘጋጅ ሌኒ ሪፈንሽታልን ያስፈቅድ ነበር?

የካሜራ ሰው፦ የጠላት ፕሮፓጋንዳና አንድ ፕሮዲዩሰር ተበድሮ የሠራው ፊልም አንድ ናቸው? ተዋናዩስ? ያላለውን ስታስብለው መዘዙ ለሱ ነው የሚተርፈው።

ሕግ ነክ፦ ሕጉን ሁለታችሁም ዘለላችሁት። የአሜሪካ ፌር ዩዝ፣ ማለትም የሌላን ሥራ ሳያስፈቅዱ በአግባቡ መጠቀምን የሚፈቅደው ደንብ፣ አራት ነገር ይመዝናል፦ የአጠቃቀሙን ዓላማ፣ የሥራውን ዓይነት፣ የተወሰደውን መጠን፣ በገበያው ላይ የሚያመጣውን ጉዳት። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1994 እንዳለው፣ ቀልዱ ራሱን ሥራውን የሚነካ ከሆነ መበደሩ በቀላሉ ይገባል፤ በሥራው ተንተርሶ ሌላ ሰው የሚመታ ግን ለምን ያንኑ ሥራ እንደመረጠ ማስረዳት አለበት። አብዛኛው የፖለቲካ ስላቅ ሁለተኛው ጎራ ውስጥ ነው። የእኛው የኢትዮጵያ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደግሞ ምንጭና የደራሲ ስም ተጠቅሶ፣ ከዓላማው ሳያልፍ ጥቅስ መውሰድን ይፈቅዳል። ስላቅን ግን በስሙ አያነሳም።

ሳቂታ፦ ታዲያ ሂትለር ምሽጉ ውስጥ የሚጮህበት ትዕይንት በየቋንቋው ሲቀለድበት ማን ከሰሰ?

ሕግ ነክ፦ ክስ ምን ያደርጋል? ትዕይንቱ የተወሰደበት፣ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የዳውንፎል ፊልም ባለቤት፣ ኮንስታንቲን ፊልም የተባለው ድርጅት፣ እ.ኤ.አ. በ2010 ቀልዶቹን በዩቲዩብ ኮንቴንት አይዲ፣ የተቀዳ ሥራን በራሱ በሚለይ ሥርዓት፣ በኩል ጠራርጎ አስወገዳቸው። በዚያው ዓመት ግን ማገዱን ትቶ ማስታወቂያ ያስገባባቸው ጀመር። ዳኛ ፊት የቀረበ ነገር የለም።

አርታኢ፦ ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ማሽኑ ምስልና ድምፅ ያመሳስላል እንጂ ቀልድ አይገባውም። ምስሉን ገልብጦ ወይም ፍጥነቱን ጨምሮ ማምለጥ ብዙ ጊዜ አይሠራም፤ ቢሠራም ኋላ ክርክር ሲመጣ የደበቅህ ያስመስልሃል። ይልቅ የራስህን ድምፅ በላዩ አንብብ፣ ለነጥብህ ከሚያስፈልገው አታስረዝም፣ የጀርባ ሙዚቃውን አውጣ። ሙዚቃው ሌላ ባለቤት ስላለው በአንድ ቁራጭ ሁለት ጥያቄ ሊመጣብህ ይችላል። የኮንቴንት አይዲ ጥያቄ ስትራይክ (በቻናልህ ላይ የሚመዘገብ የቅጣት ነጥብ) አይደለም፤ ገቢህን ይወስዳል ወይም ቪዲዮውን ያግዳል። ከተቃወምህ ባለቤቱ ለመመለስ 30 ቀን አለው። ይግባኝ ካልህ የባለቤቱ ጊዜ 7 ቀን ነው፤ ያን ጊዜ ቪዲዮው ከዩቲዩብ እንዲነሣ የማንሻ ጥያቄ ካስገባ ስትራይክ ይሆንብሃል። በ90 ቀን ውስጥ ሦስት ከደረሰ ቻናልህ ይዘጋል።

የካሜራ ሰው፦ እውነተኛ ከሆነ ለምን ይፈራል? ቪዲዮዬ ያለአግባብ ተነሥቷል የሚል መልሶ ማሳወቂያ ያስገባ።

አርታኢ፦ ማሳወቂያው ላይ ሙሉ ስምና አድራሻ ይሞላል፤ ዩቲዩብም ለጠያቂው ያስተላልፈዋል። ባለቤቱ በ10 የሥራ ቀን ውስጥ ካልከሰሰ ቪዲዮው ይመለሳል። በስውር ስም ባለሥልጣን የሚተች ሰው ግን ያን ቅጽ ሲሞላ ማንነቱን በገዛ እጁ አስረከበ። በጠበቃ በኩል ማስገባት ይቻላል፣ ጠበቃ የሚቀጥርበት ካለው።

የካሜራ ሰው፦ አየህ! መጀመሪያውኑ ማስፈቀዱ አይቀልም ነበር?

ሳቂታ፦ ጌታዬ፣ ፈቃጁ የምትተቸው ባለሥልጣን ባልንጀራ ከሆነስ?