ክርክር፦ ብልጭ ድርግም የሚል የሙከራ አኒሜሽን ለሕዝብ ሲታይ ፍጥነቱ ይቀነስ?

ጥያቄው፦ ብርሃንና ጨለማን በፍጥነት የሚያፈራርቅ አኒሜሽን በአዳራሽ ሲታይ አዘጋጁ ፍጥነቱን መቀነስ ይችላል?

አዘጋጅ፦ ይችላል፤ ግዴታውም ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ጃፓን ውስጥ በቴሌቪዥን የታየ የልጆች አኒሜሽን ቀይና ሰማያዊን በሰከንድ 12 ጊዜ ገደማ አፈራርቆ ከ600 በላይ ሰዎች በመንቀጥቀጥና በመሰል ምልክቶች ሆስፒታል ተወስደዋል። የተለመደው ገደብ በሰከንድ 3 ብልጭታ ነው። እሱን እናክብር።

አኒሜተር፦ ስጋቱ እውነት ነው፤ መፍትሔው ግን ሥራውን ይገድለዋል። በሰከንድ 24 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ሲሄድ አንዱ ፍሬም የሚቆየው 42 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነው። በአንዱ ፍሬም ዓሣ፣ በቀጣዩ መረብ ብንስልና ብናፈራርቃቸው ተመልካቹ መረብ ውስጥ የገባ ዓሣ ያያል። ያ ምስል የትኛውም ፍሬም ላይ የለም፤ የሚሠራው ዓይኑና አእምሮው ውስጥ ነው። ይህ በሰከንድ 12 ዙር ነው። ወደ 3 ለማውረድ እያንዳንዱን ሥዕል 4 ፍሬም መያዝ ያስፈልጋል፤ ያኔ ዓሣ፣ መረብ፣ ዓሣ፣ መረብ ሆኖ ይለያያል። የተረፈው ሌላ ሥራ ነው።

አርታኢ፦ ሶፍትዌሩም ነገሩን ያባብሰዋል። ፍሬም አደባልቆ ሲያዘገይ በነጭና በጥቁር መካከል ማንም ያልሳለው ግራጫ ይፈጥራል። እንቅስቃሴን ገምቶ የሚሞላው ደግሞ ፊልም ላይ በመርፌ የተጫረ መስመር ሲገጥመው፣ አንዱ ጭረት ከቀጣዩ ጋር ስለማይገናኝ፣ ጠርዙን እንደ ሰም ያቀልጠዋል።

አዘጋጅ፦ ታዲያ ሰው ይውደቅ?

አርታኢ፦ አይውደቅ። አደጋው ከፍጥነት ብቻ አይመጣም፤ ብልጭታው የሚሸፍነው ስፋት፣ የብርሃኑ ልዩነትና ደማቅ ቀይም አሉበት። መመሪያዎቹ ከስክሪኑ ሩብ በላይ የሚሸፍነውን ነው አጥብቀው የሚከለክሉት። የምስሉን ወርድና ቁመት ወደ 45 በመቶ ብናወርድ ስፋቱ የስክሪኑ 20 በመቶ ገደማ ይሆናል። የአዳራሹን መብራት ደብዘዝ አድርጎ መተው፣ የፊት ወንበሮችን ባዶ ማድረግም ይረዳል። ፍጥነቱ ሳይነካ ይቀራል።

አኒሜተር፦ ለዓሣውና ለመረቡ ይበቃል። መላ ስክሪኑ ነጭና ጥቁር ለሚሆንበት ሥራ ግን አይበቃም፤ እሱ ዓይንን ዙሪያውን ካልሞላ ተመልካቹ የሚያየውን ቀለምና ቅርጽ አይሰጥም። ለእንዲህ ያለው የተለየ ክፍል፣ በር ላይ በግልጽ የተጻፈ ማስጠንቀቂያ፣ የመውጫ መብራት።

አዘጋጅ፦ ማስጠንቀቂያ የሚጠቅመው በብልጭታ የሚነሳ የሚጥል በሽታ እንዳለበት ለሚያውቅ ነው። ብዙዎች የሚያውቁት መጀመሪያ ሲወድቁ ነው። ስለዚህ ጽሑፉ «ዓይንዎን ይጨፍኑ» አይበል፤ ብልጭታ በዓይን ቆብ ያልፋል። «አንድ ዓይንዎን በመዳፍዎ ሙሉ በሙሉ ሸፍነው ፊትዎን ያዙሩ» ይበል። ያ ከተጻፈና አስተናጋጅ በር ላይ ከቆመ፣ ለተለየው ክፍል እስማማለሁ። ለዋናው አዳራሽ ግን አልስማማም።