«ያሳቀን ሰው ማስረጃ ይዞ ቢመጣ ማን ያምነዋል?»

የቦርከና ልጅ፦ ከእሁድ ጀምሮ ንድድ እንዳለኝ ነው። ኮምቦልቻ በነበረው የወጣቶች ውይይት ላይ፣ በየሠርጉና በየበዓሉ መድረክ የሚያስቀን ልጅ ተነሳ። ከፋብሪካ ወደ ቦርከና ወንዝ ስለሚለቀቀው ፍሳሽ የምርመራ ዶክመንተሪ ልሠራ ነው አለ። አንዱ ማይኩን ተቀበለና «ትናንት ያሳቀን ሰው ዛሬ ማስረጃ ይዞ ቢመጣ ማን ያምነዋል?» አለው። አዳራሹ አጨበጨበ። ይሄ ነው የሚጨበጨብለት?

ፒያሳ፦ እኔም አጨብጭቤያለሁ። ልጁን እወደዋለሁ፣ ወላሂ። ምርመራ ግን ሌላ ሙያ ነው። ሰነድ ይፈልጋል። ላብራቶሪ ይፈልጋል። የተወቀሰውን ወገን መልስ ይፈልጋል። ኮሜዲ ማጋነን ነው። ማጋነን የለመደ ሰው ቁጥር ሲጠራልኝ እንዴት ልመነው?

ጦሳ ሥር፦ አሜሪካዊው ክሪስ ሮክ ምን ሊባል ነው? ዕድሜውን ሙሉ መድረክ ላይ ሲያስቅ የኖረ ሰው ነው። ትንሽ ልጁ ለምን ጥሩ ፀጉር የለኝም ብላ ጠየቀችው። ከዚያ ተነስቶ እ.ኤ.አ. በ2009 «ጉድ ሄር» የሚል ዶክመንተሪ ይዞ መጣ። ፀጉር ማለስለሻው፣ ሪላክሰሩ፣ ውስጥ ያለው ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ የሚባል ኬሚካል የለስላሳ ቆርቆሮ ሲበላ አሳየን። ቆርቆሮው እየሳሳ እየሳሳ ይሄዳል። ሴቶች የሚቀጥሉት ሂውማን ሄር ከየት እንደሚመጣ ተከትሎ ህንድ ድረስ ሄደ። ሰዎች ቤተ መቅደስ ሄደው ለስለት የተላጩት ፀጉር ነው ተሰብስቦ የሚሸጠው። ይህን ያገኘው ቀልደኛ ነው።

ሰኞ ገበያ፦ እኔ ፀጉር ቤት ነው የምሠራው። ያንን ቆርቆሮ ካየሁ ወዲህ ያለ ጓንት ሪላክሰር አልነካም። ማን ያምነዋል ላልከው፣ እኔ አምኜዋለሁ።

ፒያሳ፦ እህቴ፣ የፀጉርና የፋብሪካ ነገር ይለያያል። ፋብሪካ ጠበቃ አለው። አሜሪካዊውን ፊልም ሠሪ ሞርገን ስፐርሎክን እናንሳ። እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው ፊልም 30 ቀን ማክዶናልድ ብቻ ሲበላ ዓለም ሁሉ ሳቀለት። ጉበቴ ተጎዳ አለ፣ አመንነው። ፊልሙ ላይ ሐኪሙ ስለ መጠጥ ሲጠይቀው አሁን አልጠጣም ብሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 ራሱ ጻፈው፣ ለብዙ ዓመታት ጠጪ ነበር። ጉበቱን ያመመው እንግዲህ የቱ ነው?

ጦሳ ሥር፦ ስፐርሎክ ኮሜዲያን አልነበረም! ቴአትር ጸሐፊና የቲቪ አቅራቢ ነበር። ለክርክርህ ሲመችህ ብቻ ኮሜዲያን አታድርገው።

ፒያሳ፦ ያሳቀን አይደለም እንዴ?

የቦርከና ልጅ፦ አሳቀን፣ ግን ያበላሸው መደበቁ ነው። ሳይስቅ የሚደብቅ ሞልቷል።

አይጠየፍ፦ ልጆች፣ የራሳችንን ነገር ላንሳ። በ1966 የወሎን ረሀብ በፊልም ለዓለም ያሳየው ጆናታን ዲምብልቢ ነው። ቀልደኛ አልነበረም፣ የታወቀ የእንግሊዝ ጋዜጠኛ ነው። ደርግ ያንኑ ፊልም መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ ከቤተ መንግሥት ድግስ ጋር እያፈራረቀ በቴሌቪዥን አሳየው። በማግስቱ ንጉሡ ወረዱ። ረሀቡ እውነት ነበር። ቅንብሩ ግን የራሱ ዓላማ ነበረው። ስለዚህ ፊልሙን ማን ቆረጠው፣ ለምን ቆረጠው ብላችሁ ጠይቁ። ቀራጩ አሳቂ ይሁን ኮስታራ ለኔ ለውጥ የለውም።

ወሎዬዋ፦ ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ወሎ በተነሳ ቁጥር ረሀብ መነሳቱ ሰልችቶናል። ስለ ወንዝ ነበር የምናወራው።

አይጠየፍ፦ እኔን የሚያመኝ ሲደበቅ ነው ልጄ። ያኔ ተደብቆ ነበር። ከዲምብልቢ በፊት ወሎ ድረስ መጥተው ፎቶ ያነሱት የዩኒቨርሲቲ መምህራን ናቸው። ዐውደ ርዕይ አሳዩ። ጋዜጠኞች አልነበሩም። ሙያችሁ አይደለም ተብለው ቢቀሩ ኖሮስ?

ፒያሳ፦ እነሱማ ምሁራን ናቸው፣ ሰው ይሰማቸዋል። እኔም ያልኩት ይሄንኑ ነው። ማን ያምነዋል?

የቦርከና ልጅ፦ እንደገና «ማን ያምነዋል»! አለባቸው ተካ ከልመነህ ታደሰ ጋር ስንት ዓመት አሳቀን? በኋላ «አለቤ ሾው» ላይ የሰው ችግር ይዞ ሲቀርብ አገር ተቀምጦ አልሰማውም?

ፒያሳ፦ አለቤ ነፍሱን ይማረው። እሱ ግን እንግዳ ጋብዞ ያወያይ ነበር እንጂ ፋብሪካ አልመረመረም።

ሰኞ ገበያ፦ እሺ፣ ስለ ሥራው እናውራ። ቆዳ ፋብሪካ ውስጥ ቆዳ በብዛት የሚለፋው ክሮም በሚባል ኬሚካል ነው። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ፍሳሽ ደግሞ ቀለም አለው። ልጁ ከቱቦው በላይ አንድ ጠርሙስ፣ ከቱቦው በታች አንድ ጠርሙስ ይቅዳ። ቀኑንና ሰዓቱን ይጻፍበት። ላብራቶሪ ይስጥ። ወረቀቱን ይዞ ፋብሪካው በር ላይ ይቁም፣ መልስ ይጠይቅ። እነሱም በካሜራው ፊት ይናገሩ። ቁጥሩን ላብራቶሪው ከነገረን ልጁ ሠርግ ላይ መቀለዱ ምን ይለውጣል? ወንዙ እኮ እዚህ አይቀርም። ወደ ጨፋ ይወርዳል፣ ከዚያም ወደ አዋሽ። ከብት ይጠጣዋል፣ ጎመን ይለማበታል።

ወሎዬዋ፦ አብሽሪ እህቴ፣ ይሄ ነው ነገሩ።

ፒያሳ፦ የላብራቶሪውን ማን ይከፍላል? ፋብሪካው ውስጥ የሚሠራው የሰፈራችን ልጅስ? ነገ ቢዘጋ አጨብጫቢው ያበላዋል?

ጦሳ ሥር፦ አሁን ደግሞ ወደ እንጀራ ዞርክ። ስለ እምነት አልነበር የምትከራከረው?

ፒያሳ፦ ሁለቱንም ነው። ናሙናውን ሲቀዳ አጠገቡ ቆሜ ልይ። አምናለሁ ግን አላልኩም።

የቦርከና ልጅ፦ ና፣ ጠርሙሱን አንተ ትይዛለህ። የእሁዱን ጭብጨባ ግን አሁንም አልመለስክልኝም።