ጣና ላይ ደርሶ መመለስ ምን የሚሉት ነው?

የዘጌው ልጅ፦ ትናንት የአጎቴ ቀብር አመለጠኝ። ጠዋት ከአዲስ አበባ ተነሣን። ባሕር ዳር ሰማይ ላይ ደርሰን ግማሽ ሰዓት ዞርን። አንዴ ደመናው ሲቀደድ ጣና ላይ ታንኳ አየሁ፣ ቀዛፊውን ሳይቀር! ወዲያው መስኮቱ ነጭ ሆነ። ከዚያ «በአየሩ ምክንያት ወደ አዲስ አበባ እንመለሳለን» ተባለ። አጎቴ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሲቀበር እኔ ቦሌ ሻንጣ እጠብቅ ነበር። ደመና ሰው አይገድልም። ፈሪ ፓይለት ግን ከቀብር ያስቀራል።

ሰባታሚት፦ ነፍስ ይማር ወንድሜ። ግን «ደመና ሰው አይገድልም» ያልከው አልተዋጠልኝም። ነሐሴ 1 ቀን 1981 ዓ.ም. አሜሪካዊው የምክር ቤት አባል ሚኪ ሌላንድ በትንሽ ትዊን ኦተር ወደ ፉኝዶ የስደተኞች ካምፕ ሲሄድ ምን ሆነ? ክረምት ነው፣ ደመና ነው፣ ተራራ ገጩ። 16ቱም አለቁ። ስብርባሪው ራሱ የተገኘው ከስንት ቀን ፍለጋ በኋላ ነው።

የዘጌው ልጅ፦ ታዲያ የገደላቸው ተራራ ነዋ! ራስህ ጻፍከው እኮ።

ሰባታሚት፦ ተራራውን ማን ደበቀው?

አባይ ማዶ፦ ቆይ፣ ባሕር ዳር ተራራ አለ እንዴ? ሜዳ ላይ አይደለንም?

ሰባታሚት፦ በዛዊትስ?

አባይ ማዶ፦ በዛዊት ተራራ ከሆነች እኔም ተራራ ወጪ ነኝ። በየእሑዱ ፎቶ ልነሣ እወጣታለሁ፣ ያውም በነጠላ ጫማ።

ሰባታሚት፦ ጃንሆይ ቤተ መንግሥት የሠሩባትን አትናቅ።

ጡረተኛው፦ ልጆች፣ እኔ አውሮፕላን ሥር ተንጋልዬ ነው ያረጀሁት። ፓይለት እንደ ባጃጅ ደስ ባለው ቦታ አይወርድም። የተወሰነለት ከፍታ ላይ ሲደርስ መንደርደሪያው ካልታየው ጉልበት ሰጥቶ መነሣት ግዴታው ነው። «ትንሽ ዝቅ ብል ይታየኝ ይሆናል» ያለ ነው ሰው የሚጨርስ። ኔፓል፣ ሉክላ ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 አንዲት ትዊን ኦተር በጭጋግ ልታርፍ ስትል 18 ሰው አልቋል። የተረፈው ካፒቴኑ ብቻ ነው። እዚያ ደግሞ መንደርደሪያው ተራራ ተደግፎ የተሠራ ነው፣ አንዴ ከገቡ መመለሻ የለም። ያንተ ፓይለት መመለሻ ነበረው፣ ተመለሰ። ፍርሃቱ የቱ ጋ ነው?

የዘጌው ልጅ፦ ጋሼ፣ አከብርዎታለሁ። ግን የሉክላ መንደርደሪያ 527 ሜትር ነው፣ የኛ ስንት እጥፉ ነው። ደግሞ ታንኳ ከታየ አስፋልት እንዴት አይታይም?

ሰባታሚት፦ ታንኳው ላይ ያሳርፋችሁ ነበር?

የዘጌው ልጅ፦ አትቀልድ። ሐዘን ላይ ነኝ።

ጡረተኛው፦ ልጄ፣ አንተ ያየኸው በጎን መስኮት፣ ቁልቁል ነው። ፓይለቱ ማየት ያለበት ፊት ለፊቱን ነው።

አባይ ማዶ፦ ለነገሩ እዚህ ከተማ አውሮፕላን የጣለው ርግብ ነው። መስከረም 5 ቀን 1981፣ ወደ አስመራ ሊሄድ ሲነሣ መንጋ ውስጥ ገባ። ሁለቱም ሞተር ጠፋ። ከ104 ሰው 35ቱ ሞቱ።

የዘጌው ልጅ፦ ያውላችሁ! ደመና አይደለም!

አባይ ማዶ፦ እኔ አንተን አልደገፍኩም። ስለ ርግብ ነው ያወራሁት።

ሰባታሚት፦ ሁለቱም 1981 ናቸው፣ አስተዋላችሁ? በመስከረም ጀምሮ በነሐሴ ጨረሰ። ምን ዓይነት ዓመት ነው!

አባይ ማዶ፦ ቆይ ቆይ፣ አዲስ አበባ ያለው ሚኪሊላንድ ኮንዶሚኒየም ስሙ ከሰውዬው ነው? አራት ዓመት ተከራይቼበት የሚኪ ማውስ አገር ማለት ይመስለኝ ነበር።

ጡረተኛው፦ ጉድ ነው።

የዘጌው ልጅ፦ እናንተ ሳቁ። እኔ ለሰልስቱ እንኳ ልድረስ፣ ዛሬ ማታ በመኪና እነሣለሁ። አባይ በረሃን እወርዳለሁ እንጂ ያን ሰማይ ሁለተኛ አላየውም።

ሰባታሚት፦ በረሃው ጭጋግ ከሆነስ?

የዘጌው ልጅ፦ አንተ ልጅ፣ «ነፍስ ይማር» ብለህ አልነበር የጀመርከው?